ሰበታን አትስጡ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። የልጄ ልጅ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር ሳሎን ቁጭ ብላ ኮምፒውተር ላይ ትጫወታለች፤ ሰው ይሁን መኪና ያልለየሁት ነገር እሳት እየተፋ ይከንፋል። ራሴን አዞረኝና «ምን እንዲህ ያስከንፈዋል? ሱታ አድርጉትና ይታየን እንጂ» አልኳቸው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ሱታ ደግሞ ምንድን ነው እማማ?»

«ማዘግያው ነዋ። እኛ ስንጫወት መጀመሪያ ሱታ እናደርገው ነበር።»

«እናንተ? አንቺ ጌም ተጫውተሻል?»

ሳቃቸው እስኪበርድ ጠበቅኩ። ከዚያ አንዷ «ማን አስተማረሽ?» አለች። «ጫልቱ» አልኩ። ጫልቱ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ሰላም ገብቷት ኮምፒውተሩን ዘጋችው፤ «እንግዲያው ስለሷ ጻፊልን፤ በአፍሽ ስትነግሪን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ትጠፊያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጠፋለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲባል ጊዜ ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ስጽፍም ሳልጠፋ አልቀርም፤ ቢሆንም ጫልቱ ጋ መመለሻውን አውቀዋለሁ።

ቤታችን ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል እናከራያታለን። መጀመሪያ ሥጋ ቤት ነበረች፣ ቀጥሎ ፀጉር ቤት ሆነች፤ ፀጉር አስተካካዩ ሲለቅ ጫልቱ መጣች። አመጣጧን አልረሳውም። ጋሪ ሙሉ የሞተ ኮምፒውተር አስጭና፣ ራሷ ከኋላ እየገፋች፣ በዚያ ዳገት።

«ቆራሌ ነሽ እንዴ ልጄ?» አልኳት።

«ቆራሌስ ይሸጣል አኮ፤ እኔ መሸጥ አልወድም» አለችኝ።

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ገና ስሜን ሳትጠይቅ አያቷ አደረገችኝ። እኔም የሱሉልታ ልጅ ስለሆንኩ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ አልተቀየምኩም፤ ግን ያኔ ፀጉሬ ገና ይህን ያህል አልነጣም ነበር።

አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ካቻቢቴዋን ፀጉሯ ውስጥ ትሰካና ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው ትውላለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል፤ ካላወቋት ታለቅሳለች ነው የሚሏት። ደንበኛን በአማርኛ ታናግራለች፣ ማሽንን ግን በኦሮምኛ ነው የምትቆጣው። ማንኛውንም ኮምፒውተር ከመፍታቷ በፊት ትወለውለዋለች፣ የባለጸጋም ይሁን የደሃ። ቆሎ እየቆረጠመች ነው የምትሠራው፤ አንድ ቀን የደንበኛ ኪቦርድ ገልብጣ ስታራግፍ ቆሎ ዝርግፍ አለ። ሰውየው ደነገጠ። እሷ «ይሄ እንኳን ያለፈው ጊዜ የኔ ነው» ብላ ለቅማ በላችው።

በሩ ላይ በእጇ የጻፈችው እስከ ዛሬ አለ፤ «ኮምፒውተር እንጠግናለን። ያልተበላሸ አንነካም።»

የመጨረሻዋ እንደ ቀልድ ትምሰል እንጂ ቀልድ አይደለችም። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ክራቫት አድርጎ መጣና «ፎርማት አድርጊልኝ፣ ቀስ ይልብኛል» አላት። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

«ታሟል?» አለችው።

«አልታመመም፤ አርጅቷል እንጂ።»

«አያትህም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ፎርማት ልታስደርጋቸው ነው?»

እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ ልጁ ዞር ብሎ ሲያየኝ አፈረ። «ማሽን አያረጅም፣ ሰው ነው የሚሰለቸው» ትል ነበር። ሰው ሲቸኩልባት ደግሞ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ፣ «መጀመሪያ እንስማው» ትላለች። ሐኪም እንኳን እንደዚያ ሲያዳምጥ አላየሁም።

ስለ ሐኪም ሳነሳ ጉልበቴ ትዝ አለኝ፤ እሱን ልተወው።

መብራት ሲሄድ በረንዳዬ ላይ መጥታ ትቀመጣለች። አንድ የክረምት ቀን ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሻሽ ውስጥ ካሬ ካሬ ጥቁር ፕላስቲኮች ፈታ አሳየችኝ። የመዳፍ ስፋት ቢሆኑ ነው።

«ይሄ ፍሎፒ ይባላል አኮ። በድሮ ጊዜ ኮምፒውተር የሚጎርሰው ነው። የዛሬዎቹ አፍ የላቸውም።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጨዋታ። የኔና የገመቹ።»

ገመቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሰበታ ውስጥ የፈረንጆች ቢሮ ዘበኛ ነበሩ። ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አሮጌውን ኮምፒውተር ለዘበኛው ተዉላቸው፤ ውስጡ ያ ጨዋታ ነበረ። አንድ መንገደኛ ሰው በሌለበት ከተማ ውስጥ ይዞራል፤ እንግሊዝኛ እየጻፉ ነው የሚያዙት፣ «ሂድ»፣ «ክፈት»፣ «ገመዱን ውሰድ» እያሉ። ሁለቱ ልጆች እንግሊዝኛን ከአስተማሪ በፊት ከሱ ለመዱ። እያንዳንዱ ቦታ እንቆቅልሽ አለው። እኛ አገር እንቆቅልሽ ሲያቅት አገር ይሰጣል አይደል፤ እነሱም ሲያቅታቸው ለኮምፒውተሩ አገር ይሰጡት ነበር። አንደኛቸው በኮምፒውተሩ ስም ድምፁን አወፍሮ ይቀበላል። የመጨረሻው በር አልከፈት ብሏቸው ሳለ ግን ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ ጨዋታው ሳያልቅ እነሱ አደጉ።

ገመቹ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ወደብ ድረስ ይሄዳል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠና ረዳቱ ሞተ። ጥፋቱ የሱ አይደለም ተብሎ ተለቀቀ፤ እሱ ግን ራሱን አልለቀቀም። እናቱ ቤት፣ እዚያው ያደገበት ክፍል ገባ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሲያስገድዱት ይበላል፤ አይናገርም። ጠበልም ሞክረዋል፣ ሐኪምም ሞክረዋል።

«ጨዋታውን ካስነሳሁት ዞር ብሎ ያያል» አለችኝ ጫልቱ። «ባይናገርም ይየው። ካላየልኝም…» ብላ ተወችው። ፍሎፒዎቹን መልሳ በሻሽ ጠቀለለቻቸው፤ ሕፃን እንደምትጠቀልል ነው የጠቀለለቻቸው።

እንግዲህ ይሄ ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

መጀመሪያ ከሞቱት ኮምፒውተሮች ካንዱ አፉን ነቅላ ለራሷ አዲስ ተጣጣፊ ኮምፒውተር በሽቦ ገጠመችለት። ከፍሎፒዎቹ አንዱ ሻግቶ ነበር፤ ጠራርጋ እንደምንም አስነበበችው። ቀጥሎ አዲሱ ኮምፒውተር «ይሄን አላውቀውም» አለ። ማሽኑ የጨዋታውን ቋንቋ ረስቶታል አለችኝ፤ ወጣት ሆኖ ያያቶቹን ቋንቋ እንደማይሰማ ልጅ። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስመስል ሌላ ነገር አስገባችበት።

«ትንሽ ጎጆ ሠራሁለት አኮ። ጎጆዋ ውስጥ ድሮ ነው። ጨዋታው እዚያ ሲገባ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይሆንለታል።»

ይሄኛው በደንብ ገባኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከሱሉልታ መጥታ እኔ ጋ ስታድር ስፕሪንግ አልጋው ላይ እንቅልፍ እምቢ አላት። መሬት ላይ ቁርበት ስናነጥፍላት ወዲያው አንኮራፋች። ጨዋታውም እንደዚያው ቁርበቱን ሲያገኝ ነቃ። ሥዕሉ ብቅ አለ፤ እንደ ጥልፍ በካሬ በካሬ የተሠራ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ፊት የሌለው ሰውዬ። ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ጉልበታም ስለሆነ ጨዋታውን እንደ እብድ በቅሎ ይዞት ይሮጣል። መንገደኛው አንድ እርምጃ ሲል ገደል ይገባል። ጫልቱ ጣቷን ሳታነሳ ሰማዩ ላይ ፀሐይ ወጥታ ትጠልቃለች፣ ወጥታ ትጠልቃለች፤ እንደ ሰፈራችን መብራት ብልጭ ድርግም።

«ሱታ!» ትለዋለች፣ «ሱታ፣ ሱታ!» ቀስ በል ማለቷ ነው። አይሰማትም።

ሱሉልታ ውስጥ ሽመልስ የሚባል ጠጋኝ አለ፣ ከሰሜን መጥቶ እዚያው የከተመ፤ ከሷ ጋር ድሮ አንድ ሱቅ ውስጥ ሠርተዋል። እኔ ለዘመድ ተዝካር ወደዚያ ስሄድ ኮምፒውተሯን በጀርባዋ ይዛ አብራኝ መጣች። እሷን ሱቁ አድርሼ ወደ ዘመዶቼ አለፍኩ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋለች። ስመለስ ተነሥታ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እሺ፣ ተገኘ?»

«ተገኘ አኮ! አንዲት ቁጥር ናት። እሷን ዝቅ ሲያደርጓት ማሽኑ ሽማግሌ ይሆናል።»

ታክሲ ውስጥ ከፍታ አሳየችኝ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ፀሐይዋም እንደኛዋ ፀሐይ ዝግ ብላ ትጓዛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ቁጥር በቤታችን ስሟ ሱታ ሆነ።

እሑድ ወደ ሰበታ ልትሄድ ስትል «አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ።

«እኔ ምን አደርግልሻለሁ? እንግሊዝኛ አላውቅ።»

«እሱም ዝም፣ እኔም ዝም ካልን ቤቱ ይከብደኛል። እርስዎ ዝም አይሉም።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ሳልለይ ነጠላዬን አነሣሁ።

ከቡራዩ ሰበታ ታክሲ እየቀያየሩ ነው፤ ከተማውን አቋርጦ በጅማ መንገድ መውጣት አለ። እናታቸው በር ላይ ተቀበሉን። እንባ የደረቀበት ፊት ያላቸው፣ ብዙ ያለቀሱ ሴት ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ ይሰድበኝ እንኳን፤ ብቻ ድምፁን ልስማ» አሉኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኩ።

ክፍሉ መስኮቱ ላይ አንሶላ ተሰቅሎበታል። ገመቹ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተኝቷል፤ ሰፊ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው።

«አከም ጅርታ ገመቹ?» ብላ እንዴት ነህ አለችው።

አልለመነችውም። እንዲያይም አልነገረችው። ኮምፒውተሩን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደግፋ ጀመረች። እኔ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

«መንገደኛው መንታ መንገድ ላይ ነው አኮ። ወዴት ይሂድ?»

«መጀመሪያ ምሳ በልቷል?»

«እሱ አይበላም።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ይዞራል? ወደ ቤቱ ይመለስ።»

«ቤቱን እኮ ነው የሚፈልገው።»

እንዲህ እያልን ዋልን። እኔ አውቄ አይደለም የማስቀው፤ እውነቴን ነው የምጠይቀው። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ሰው ጥራ እላለሁ፤ ውሻ ሲያጋጥመው ዳቦ ስጠው እላለሁ። ዳቦው እንኳን ሠርቷል! ያን ጊዜ ጫልቱ በጣም ሳቀች፣ ትከሻዋ አልጋውን አነቃነቀው። ጀርባው ግን እንዳለ ነው።

በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አላወራችኝም፤ ጨዋታ ምን ያደርጋል ብላ የተወች መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ግን ገና ጠዋት በሬን አንኳኳች።

ያን ጊዜ የከተማዋ መሐል ደረስን። ትልቅ ደወል አለ፤ ከደወሉ ሥር ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ጫልቱ ተረጎመችልን። «ደወሉን በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውል፤ በሩ ይከፈታል።» ቀና ብላ «በልጅነታችን የቀረነው እዚህ ጋ ነው» አለች፣ ለኔ ይሁን ለግድግዳው።

ከተማው ሰዓት የለውም፤ ሰማዩን እያዩ ነው መገመት። አሥራ ሁለት ሰዓት መቼም ለማንም ግልጽ ነው፤ ከብት ሲገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ሰማዩ ብርቱካን እስኪመስል ጠብቀን ደወልን። ከየት መጣ የማይባል ውኃ ከተማውን ሞላው፤ መንገደኛው ሰጥሞ ባርኔጣው ብቻ ተንሳፍፎ ሲቀር አየሁ። እንደገና ከመንገዱ ጫፍ! ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ገመድና ቁልፍ። በሌላ እሑድ «የጠዋቱ አሥራ ሁለት ይሆናል» ብዬ መከርኩ፤ ጎህ ሲቀድ ደወልን። አሁንም ሰጠመ።

«በቃ፣ አገር ይሰጠው» አልኩ።

ጫልቱ ድምጿን አወፈረች። «አገር ስጡኝ!»

«ሱሉልታን ሰጥቼሃለሁ።» የተወለድኩበትን በቀላሉ ሰጠሁት።

«ሱሉልታ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ እርጎውን ጠጥቼ…»

«መልሱን ንገረና!»

«አልጠገብኩም። ሌላ አገር!»

ቡራዩን ሰጠሁት፣ ቤቴን ከነተከራዩ። ገፈርሳን ሰጠሁት፣ ከነውኃው ከነባሕር ዛፉ። ለገዳዲን ሰጠሁት፤ «አዲስ አበባ እንግዲህ ምን ትጠጣ?» አለችኝ በራሷ ድምፅ፤ «ዝናብ ትጠብቅ» አልኳት። ኮምፒውተሩ አገር ይበላል እንጂ መልስ አይሰጥም።

«ሌላ አገር!»

«ምን ቀረኝ ልጄ… ሰበታን ልስጠዋ።»

«ሰበታን አትስጡ።»

እኔ አይደለሁም። ጫልቱም አይደለችም። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቆርቆሮ እንደተጎተተ። ከአልጋው ነው የመጣው።

ጫልቱ አልዞረችም። ይሄን ነው እኔ እስከ ዛሬ የማደንቀው። እኔ ብሆን ዘልዬ አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። እሷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ በዚያው በወፈረ ድምፅ «ሌላ ከሌላችሁ ሰበታን እወስዳለሁ» አለች።

«አይሆንም አልኩ» አለ።

«እሺ፤ ሰበታ ይቅር።»

በሩ ላይ እናታቸው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ወደ ጓሮ ሮጡ።

ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገረም። በሚቀጥለው ስንሄድ ግን ጀርባው ዞሯል፤ በጎኑ ተኝቶ ወደኛ ያያል። «ግራ» ይላል አንዳንዴ። ወይ «ገመዱን ረሳሽው»። አንዴ ደግሞ እኔን «እማማ፣ ውሻውን ሁለቴ አያበሉትም» አለኝ፣ እየተቆጣ። ስቆጣ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ማለቴ ሲቆጡኝ።

ወራት ሄዱ። እሑድ በመጣ ቁጥር እንደውላለን፣ እንሰጥማለን። እኔ ሰለቸኝ፤ «አንቺ ይሄን ያህል ተምረሽ፣ የአንድ ደወል ነገር እንዲህ ያቅትሽ?» አልኳት በታክሲ። «ምን ላድርግ አኮ፣ ድንጋይ ራስ ነኝ» አለችኝና በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

አንድ እሑድ ገና ደወሉ ጋ እንደደረስን ገመቹ ከአልጋው ተነሥቶ እግሩን መሬት ላይ አወረደ። ቁጭ አለ። ፀሐይዋ በሰማዩ መሐል ናት።

«ጻፊው» አላት።

«ምኑን?»

«ደውል በይዋ!»

«ገና እኮ ነው፤ አሥራ ሁለት አልሆነ…»

«የፈረንጅ ነው ጫልቱ! አሥራ ሁለታቸው የኛ ስድስት ሰዓት አይደለም እንዴ? ወደብ ላይ ስንት ጊዜ ነው በዚህ የተጣላሁት፤ በአሥራ ሁለት ና ይሉኛል፣ ማታ እሄዳለሁ፣ በር ተዘግቷል። ቀትር ነው የሚለው። ደውይ!»

ደወለች። ደወሉ እንደ ጣሳ ጮኸ። ውኃ አልመጣም። በካሬ በካሬ የተሠራው ትልቅ በር ከመሐል ተሰንጥቆ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ከበሩ ማዶ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ጭስ የሚወጣበት ቤት። መንገደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። አለቀ፣ ይኸው ነው። እኔ እልል አልኩ፤ እናታቸው ከጓሮ እልል እያሉ መጡ፣ ለምን እንደሆነ እንኳን ሳያውቁ። ጫልቱ ግንባሯን በመዳፏ መታች፣ «ውይ እኔ ደንቆሮ! ስድስት ሰዓት! ውይ!» እያለች ሳቀች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ርሷል።

ልንሄድ ስንነሣ ገመቹም ተነሣ። ጫማ ፈለገ። እናቱ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የተወለወለ ጫማ ይዘው ቆመው ተገኙ። «እንግዳ ብቻውን አይወጣም» አለ፤ እኔን እንግዳ ብሎ፣ አስፋልቱ ድረስ ሸኘን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ትከሻው ይሰበሰባል፤ ግን ሸኘን። ታክሲው እስኪታጠፍ ቆሞ ነበር።

መኪና መልሶ አልነዳም። ውሎ አድሮ ግን እየመጣ ጫልቱ ሱቅ ይቀመጥ ጀመር፤ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። አሁን ክፍሏን የያዘው እሱ ነው። ማሽን ሳይወለውል አይፈታም። ጫልቱ ታማ የተኛች ጊዜ ያስታመማት እሱ ነበር፤ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያወራታል፣ ያ ዝምተኛ። ስለሱ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል፤ ዛሬ የሷ ነው።

ጫልቱ ካረፈች በኋላ ሱሉልታ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስልኬ አልሠራ አለኝ። ሽመልስ ሱቅ ገባሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ወዲያው ለየኝ።

«የጫልቱ አኮ አይደሉም?» ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ። ስለ ሕመሟ ጠየቀኝ፣ ስለ ቀብሯ ነገርኩት። ስልኬን እየፈታ «ያ የደወሉ ጨዋታ ለወንድሟ ሆነለት?» አለኝ።

«እንዴት አይሆንለት! እሱ ራሱ ነው የፈታው። እኛማ ስድስት ሰዓት መሆኑን ማን አወቀልን፤ ስንት ወር ሙሉ ማታ ማታውን ስንደውል።»

ሽመልስ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«ስንት ወር?» አለኝ። «እማማ፣ ያን ጨዋታ እኔና ጫልቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የጨረስነው፣ እርስዎ ተዝካር የሄዱ ቀን። ድንጋዩን እንዳነበበች ነው ሳቅ ያፈናት፤ ‹ይሄ ነው እንዴ በልጅነታችን ያቃተን!› አለችና ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ደወለች፣ በሩ ተከፈተ። እኔ አጨበጨብኩ። የደረስንበትን ላስቀምጥልሽ ስላት እጄን ያዘችኝ። ‹አጥፋው ሽሜ› አለችኝ፤ ‹እኔ ገና እዚህ አልደረስኩም።›»